የሦስተኛው መቁጠሪያ መስኮት

ቴክኒሻኗ የሦስተኛውን መቁጠሪያ ጋዝ ስትዘጋ፣ ሰሞኑን አልረጋ ያለው የመሣሪያው የቫኪዩም ቁጥር ወደ ቦታው ተመለሰ። መልሳ ከፈተችው፤ ተበላሸ። ዘጋችው፤ ዳነ። ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም።

መሣሪያው ድንጋይ ላይ የኤሌክትሮን ጨረር ጥሎ፣ ከድንጋዩ የሚወጣውን ኤክስሬይ እየቆጠረ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ነው። ኤክስሬዩ በጋዝ ወደ ተሞላው እያንዳንዱ መቁጠሪያ የሚገባው ከሽንኩርት ሽፋን በቀጠነች የፕላስቲክ መስኮት በኩል ነው። መስኮቷ ከተበሳች ጋዙ አየሩ ተመጥጦ ወደ ወጣበት የመሣሪያው ሆድ፣ ወደ ቫኪዩሙ፣ ይሾልካል፣ ቆጠራውም ይጎድላል። ሦስተኛው ደግሞ ኒኬል የሚቆጥረው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጥር የሰነበተው የባሏን ድንጋዮች ነበር። ባሏ ጂኦሎጂስት ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ በሚያስኬድ በረሃ ውስጥ ኒኬል ሲፈልግ ሦስት ዓመት ሞላው። ውጤቱ ደህና ከሆነ የቀጠረው ኩባንያ ሌላ ሁለት ዓመት ይቆፍራል፣ እሱም እዚያው ይቆያል። ካልሆነ ድንኳኑ ይነቀላል፣ እሱም በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ይገባል። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የውጤት ወረቀት እዚህ ግባ የሚባል ኒኬል እንደሌለ ይናገራል።

ናፍቋታል። በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ እንደ ሽማግሌ ማቃሰቱ፣ ሻይ ሲጠጣ የሚያናድዳት ድምፁ ሳይቀር ናፍቋታል። የስድስት ዓመት ልጃቸው አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚደውለው ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ነው። ምድር ቤት ያለው ላቦራቶሪም ኔትወርክ ስለሌለው እሷ ደረጃውን ወጥታ ኮሪደር ላይ ትጠብቀዋለች። ባለፈው ሐሙስ መሣሪያውን ለጽዳት ልትከፍት አየር እያስገባችበት ሳለ ሰዓቱ ደረሰባት። የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ባንዴ ከፍታ ሮጠች። መስኮቷ እንዳትበሳ በዝግታ መከፈት እንዳለበት ሌላውን የምታስተምረው እሷው ናት።

"ድንጋዮቼ እንዴት ናቸው?" ነበር ያላት።

"ገና ናቸው። አንተስ?"

"እኔማ አረጀሁ። መጥፎ ናቸው በይና ጓዜን ልጠቅልል።"

"እየቀለድክ ነው?"

"እየቀለድኩ ነው መሰለኝ። ኒኬሉ ግን እዚህ አለ። አንገቴን እሰጣለሁ።"

አሁን ጋዙን ከፈተችና፣ ለማመሳከሪያ የሚቀመጠውን ንጹሕ የኒኬል ቁራጭ ከጨረሩ ሥር አስገባች። መቶ ማለት የነበረበት መሣሪያ ስልሳ አለ። ከእንግዲህ አላወቅሁም ማለት አትችልም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሳያንኳኩ ገቡ። "ወረቀቱ አላለቀም እንዴ? የኩባንያው ሰዎች ነገ ጠዋት ሊወስኑ ነው።"

"እያየሁት ነው።"

"ምኑ ይታያል? ከሌለ የለም ነው።" ፈገግ አሉ። "ደግሞ ላንቺ ምን ከፋሽ፣ ሰውዬሽ መጣልሽ።"

"አዎ" አለች።

ወረቀቱን ይዘው ወጡ። ማንም አያውቅም። ነገ መስኮቱን ትቀይራለች፣ በሳምንቱ በሩ ላይ ያ ማቃሰት ይሰማል። ልጇ ከክፍሏ ስትሮጥ ታየቻት። ከዚያ ደግሞ እሱን አየችው፤ ሻዩን ይዞ፣ "ያ ቦታ እኮ ኒኬል ነበረው" እያለ፣ ዕድሜ ልኩን። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ዝም ስትል።

ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው።

"አለቃ፣ ወረቀቱ አይላክ።"

"ምን ተገኘ?"

"የሦስተኛው መስኮት ተበስቷል። የበሳሁት እኔ ነኝ፤ አየሩን ባንዴ ለቅቄበት። ቆጠራው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም።"

ኃላፊው ወረቀቱን አዩ፣ እሷን አዩ። "አስበሽበታል?"

"አስቤበታለሁ።"

"እሺ። ሰኞ ይደርሳችኋል እላቸዋለሁ።"

ዛሬም ሐሙስ ነው፤ ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። መስኮቱ ዛሬ ካልተቀየረ ቫኪዩሙ ለሰኞ አይደርስም። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

"አሁን ይደውላል። ድንጋዮቹ ገና ናቸው ይበሉልኝ።"

"አንቺስ ምን ሆነች ልበለው?"

"መስኮት እየቀየረች ነው ይበሉት።"

ወደ ምድር ቤት ወረደች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ቫልቩን በሁለት ጣቷ ያዘች። ከላይ ስልኩ ሲጠራ በደረጃው በኩል ተሰማት። ጣቶቿ አልቸኮሉም፤ አየሩን በጥቂት በጥቂቱ ታስገባው ጀመር።