የመቶ ሰው ምሳ

በዚያ ዓመት ዝናቡ አልመጣም። ጉድጓዱ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ። ሰው የማሁዋ ዛፍ አበባ እየቀቀለ በላ፤ አበባው ሲያልቅ ቅጠል ቀቀለ። የልጄ ልጆች ማልቀስ እንኳ ትተው ነበር።

እኔ ጋንሻም የእንግሊዛዊው የአውራጃ ሹም የሃርግሪቭ ሳሂብ የቤት አሽከር ነበርኩ፤ ሳሂብ በእኛ ቋንቋ ጌታ ማለት ነው። አንድ ክረምት ሳሂብን ወንዝ ሲወስደው ጎትተው ያወጡት የመንደሬ ሰዎች ናቸው። የጠጣውን ውሃ እየተፋ፣ «የዚህን መንደር ውለታ እከፍላለሁ» ብሎ ማለ። አሁን የመንግሥቱን ጎተራ እንዲከፍት ስለምነው ግን፣ «ከበላይ ትእዛዝ ሲመጣ» ይለኛል።

በየሳምንቱ እንግሊዝ ላሉት እናቱ ይጽፋል። አገሩ ሩቅ፣ መርከቡ ቀርፋፋ ስለሆነ ያሻውን ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ እኔም ሳህን ሳመላልስ ቋንቋቸው ጆሮዬ ገብቷል። «እናቴ ሆይ፣ በየቀኑ መቶ ረሃብተኛ በደጄ አበላለሁ» አለ አንድ ቀን። በገዛ ደግነቱ እንባው መጣ። ከዚያ አንድ ዶሮ ብቻውን ጨረሰ።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። አንብቦ ፊቱ አመድ መሰለ። እናቱ የሚያበላቸውን ሰዎች በዓይናቸው ሊያዩ ተነሥተዋል። ለካ ደብዳቤውና እሳቸው በአንድ መርከብ ኖሯል የተሳፈሩት፤ ነገ በባቡር ይደርሳሉ።

«ጋንሻም! እስከ ነገ መቶ ረሃብተኛ ከየት ላምጣ?»

«ረሃብተኛስ ሞልቷል ሳሂብ። የጠፋው እህሉ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ታሾፍብኛለህ?»

«እኔ ምን ቆርጦኝ! የጎተራው ቁልፍ እርስዎ ኪስ ነው ያለው።»

«ትእዛዝ ሳይመጣ?»

«የበላይዎ ነገ በባቡር ይመጡ የለም እንዴ?»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

በማግስቱ የማሽላ ገንፎ በትልልቅ ድስት ተሠራ። እናትየው መጥተው ሰልፉን አዩ።

«ሴድሪክ፣ በየቀኑ እየበሉ እንዲህ የከሱት ምን ሆነው ነው?»

«አየሩ ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እጥፍ ይብሉ!» ጭልፋውን ራሳቸው ያዙ። «እስከ መቼ ነው የምታበላቸው?»

ሳሂብ አፉን ሲከፍት ቀድሜው ለእመቤቲቱ መለስኩ። «ዝናብ እስኪጥል ብለው ምለዋል፣ ሜምሳሂብ።»

«ጎበዝ ልጄ! እኔም እስከዚያው እቆያለሁ።»

ቆዩም። የልጄ ልጆች ገንፎ አነሰን ብለው ማልቀስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ዕለት ሳሂብ በረንዳ ላይ ቆሞ ጠራኝ።

«ከእንግዲህ የመንደርህ ምንም ዕዳ የለብኝም» አለ።

«የለብዎትም» አልኩት።