ከአሜን በፊት

«ሐዘን ሳይነሳ ልጇን ልትሸኝ ነው?» አለች አንዷ ለቀስተኛ በሹክሹክታ።

«ፈተና አለባት አሉ። ግን ወሰንየለሽ የምትለቃት ይመስልሻል? እዚሁ ጫኖ ድረስ ሙዝ ልታመጣ ስትልካት እንኳ አምስቴ ነው የምትደውለው!»

ወሰንየለሽ ሰማች። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣለች፤ የተሰጣት የቡና ቅጠል ሻይ እጇ ላይ ቀዝቅዟል። ወዳጇ ሻሺቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልጇ ፌቨን ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ትሳፈራለች። ወሰንየለሽ ከጠዋት ጀምሮ የምትሳፈርበት መኪና ሲገለበጥ ይታያታል። የትኛው ኩርባ ላይ እንደሆነ ሳይቀር ታውቀዋለች።

ባሏ ከአራት ዓመት በፊት የሞተው በዚያው መንገድ ነው። ያኔ ልጇን ሁለት ወር ሙሉ ትምህርት ቤት አልላከቻትም። ቤቷ ድረስ የመጣችው ሻሺቱ ነበረች። በየረቡዑ ወሰንየለሽን በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ መጽሐፍ ቅዱስ አስጠናቻት፤ ፍርሃቷን ሳትደብቅ ለእግዚአብሔር መንገርን አስተማረቻት። ፌቨን መንገድ በወጣች ቁጥር ግን የምትጸልየው ሻሺቱ ራሷ ነበረች። ወሰንየለሽ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» ትላለች።

«እስከ መቼ አሜን ብቻ?» ትላት ነበር ሻሺቱ እየሳቀች። «አንቺም እኮ አፍ አለሽ!»

«ያንቺን ነው የሚሰማው።»

የሻሺቱ ባል ጋሽ ዳልጮ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ወሰን፣ የልጅሽ ሰዓት ደርሷል።»

«አትሄድም፣ ጋሼ። ማን ይጸልይላታል? ሻሺቱ እንደ እኔ አትፈራም ነበር።»

ጋሽ ዳልጮ ቀና ብለው አዩዋት። «ሻሺቱ? ፌቨን በሄደች ቀን ምሳ አትበላም ነበር እኮ! ‹ደርሳ ይሆን?› እያለች በር ላይ ትቆማለች። ‹እናቷ ጋ ደውለሽ ጠይቂያታ› ስላት፣ ‹እኔ ከደወልኩ ክፉ ነገር የመጣ ይመስላታል› ትለኛለች።»

ወሰንየለሽ የቀዘቀዘውን ሻይ መሬት ላይ አስቀመጠች። ለካ ሁለቱም በየቤታቸው ለየብቻ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ብላ አልጠየቀቻትም።

«እማ፣ ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው» አለች ፌቨን ከድንኳኑ በር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልቅር?»

ወሰንየለሽ ተነስታ ሄደች። እጇን የልጇ ራስ ላይ ጫነች። የሴቶቹ ሹክሹክታ ቆመ።

«ጌታ ሆይ» አለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልመጣላትም። ሻሺቱ ትለው የነበረውን ብትፈልግ አጣችው። «ፈርቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «የምትጸልይልኝንም ወሰድካት። ምን እንደምልህ አላውቅም። ልጄን ጠብቅልኝ።»

«አሜን» አለች ፌቨን።

ውጭ ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። የወሰንየለሽ እጅ አሁንም የልጇ ራስ ላይ ነበር። ፌቨን ሳትነቃነቅ ጠበቀቻት።

ወሰንየለሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሳች።