በረንዳ ላይ ያሉ ጫማዎች

ይገዙ በልጁ በሚካኤላ ላይ ዓይኑን አፈጠጠ። "ጎረቤታችን ስንት ናችሁ ብሎ ሲጠይቅሽ ነገርሽው?"

"ሰባት አልኩት። ሶ ዋት፣ አባዬ? ሰውየው ናይስ ነው፤ ዌርሃውሱ ከሥራ ሌይኦፍ አድርጎት ቦር ሆኖ ነው።"

"ሰው አይቆጠርም!"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ደሞ ጀመረህ!"

ይገዙ ግን አይቶታል። በስደት አቴንስ ሳለ ደመወዝና ጡረታ ተቆረጠ። ባንክ ያራቆተው ሕዝብ ባንኩን አልደፈረም፤ ስደተኛ ቆጠረ። የተረፈ ዳቦ በነጻ ይሰጠው የነበረው ዳቦ ጋጋሪ እንኳ አንድ ጠዋት በፈገግታ "እዚያ ቤት ስንት ናችሁ?" አለው። ይገዙም በየዋህነት ነገረው። በሳምንቱ እነይገዙ የሚኖሩበት ቤት ነደደ።

ዛሬ አሜሪካ፣ ኮንየርስ ውስጥ የራሱ ቤት አለው። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው የአቴንስ ጓደኛው ዑመር ከትናንት ጀምሮ ተደብቋል።

ጫማ! እዚህ ቤት የገባ ሁሉ ጫማውን በረንዳ ላይ ያወልቃል። ይገዙ ሊሰበስበው ሮጦ ወጣ። ጎረቤቱ አጥሩን ተደግፎ፣ ጣቱን ወደ በረንዳው ቀስሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

"ሄይ፣ ይገዙ!" አለው ፈገግ ብሎ። "ልጅህ ሰባት ነን ብላኝ ነበር። ጫማው ግን ስምንት ጥንድ ነው።"