ብችል ደስታዬ ነበር

ኔሬይዳ ከሰሜኑ ጠረፍ ከሶኖራ ተመድባ በዚህች የፑዌብላ ከተማ ስፓኒሽ ማስተማር ከጀመረች የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ነው። እስካሁን በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም አክብረው "አስተማሪያችን" ይሏትና ያልፋሉ። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ "አበልጄ" እየተባባሉ ሲጠራሩ ስትሰማ ቲማቲም የምትመርጥ መስላ ትቆማለች። እዚህ አገር የማንም አበልጅ ያልሆነ ሰው በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት የለውም።

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የምታስተምረው "መፈለግ" የሚለውን ግስ ነበር፤ ተማሪዎች የሚጠሉትን፣ "ኪሲዬራ"፣ ማለትም "ብፈልግ ነበር" የሚሆነውን እርባታ። ለማይሆን ነገር፣ ለምኞትና ለትሕትና እንደሚያገለግል ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ አያቷ ጨው ስትበደር እንኳ እንደዚያ እንደምትል ተናግራ ክፍሉን አሳቀችው። ኔሬይዳም ሳቀች። እሷ ባደገችበት በሰሜን ሰው "እፈልጋለሁ" ብሎ ነው የሚጠይቀው። እዚህ ግን ያ ነውር መሆኑን ተምራለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአከራይዋ ልጅ ማሪሴላና ባሏ ኤቬሊዮ በሯን አንኳኩ። ኤቬሊዮ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል። ማሪሴላ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ ቅርጫት በሁለት እጇ ይዛለች፤ የጣፋጭ ዳቦና የቸኮሌት ሽታ ይወጣዋል። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ኔሬይዳ እናት ጤና ጠየቁ። ከዚያ ኤቬሊዮ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አስተማሪያችን፣ የማናስቸግርዎት ከሆነና ፈቃድዎ ቢሆን፣ ልጃችንን ክርስትና ቢያነሱልን ብለን ነበር።"

ፊቷ ጋለ። "እሺ" የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እንዲህ ተለሳልሶ ለመጣ ሰው ደረቅ እሺታ መስገብገብ መሰላት። ቅርጫቱንም ቀበል ለማድረግ አፈረች። እንደ እነሱ አሳምራ ልትመልስ ብላ፣

"እኔ ማን ሆኜ? ብችል እኮ ትልቅ ደስታዬ ነበር" አለች።

ማሪሴላ ባሏን አየችው። ቅርጫቱን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ ኔሬይዳ ሥራ እንደሚበዛባት እንደሚያውቁ ተናገረች፤ ስላስቸገሯትም ይቅርታ ጠይቃ ቅርጫቱን እንደያዘች ከባሏ ጋር ሄደች። ኔሬይዳ ቀኑን ሊነግሯት ተመልሰው የሚመጡ መሰላት። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የልብስ መደብሮች መስኮት ላይ የክርስትና ቀሚስ ስታይ ሰነበተች። ረጅሙ ይሻላል ወይስ አጭሩ፣ የምትጠይቀው ሰው አጣች።

በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥበውን አከራይዋን ዶንያ ክሬሴንሲያን ስለ ቀሚሱ ጠየቀቻት። አሮጊቷ እጇን ከውሃው አወጣች።

"ልጄ፣ አንቺ እኮ እምቢ ብለሻል።"

"እኔ? አላልኩም።"

"ቅርጫቱ ተመልሶ መጣ። ዳቦውን እኛው በላነው።"

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው ጠያቂ ነው፤ የሚቀበል ሰው ቅርጫቱን ይዞ እሺ ይላል፣ አለቀ። "ብችል" የሚለው ማስከፋት ያልፈለገ ሰው ነው። ሕፃኗን የፋርማሲው ባለቤት ሚስት ልታነሳ ቃል ገብታለች።

"ሄጄ ልንገራቸው?"

"ምን ልትያቸው? ከሰው እጅ ላይ ቅርጫት ትቀሚያለሽ?" አለቻትና ደግሞ አዘነችላት። "ግብዣው ላይ ብትመጪልን ደስ ይለን ነበር።"

"እመጣለሁ" አለች ኔሬይዳ፣ አሮጊቷ ገና ሳትጨርስ።

በክርስትናው ቀን የማታውቃቸው ሰዎች መሃል ተቀምጣ ሞሌ የሚሉትን የበርበሬና የቸኮሌት ወጥ በላች። ማሪሴላ እንግዶቹን ልታስተናግድ ስትነሳ ሕፃኗን ኔሬይዳ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ሕፃኗ እንቅልፍ ወሰዳት። ኔሬይዳ እንዳትቀሰቅሳት እግሯን ሳታንቀሳቅስ ቆየች፤ ምግቧም ቀዘቀዘ።

ኋላ ፎቶ አንሺው መጣ። "አበልጄ፣ ነይ!" ብላ ማሪሴላ ስትጣራ የፋርማሲዋ ሴትዮ እየሳቀች መጣች። ኔሬይዳ የሕፃኗን ቀሚስ ጫፍ አስተካክላ ለሴትዮዋ አቀበለቻት።