ከውሽማ የተረፈ ጆሮ

ማሪጎ የሟች ወንድሟን ደግነት እያነሳች ስታለቅስ፣ የሟች ሚስት አርጊሮ ሳቀች።

ትንሽ ሳቅ ናት፤ ወዲያው በጥቁር ሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ግን ሐዘን ቤት ውስጥ ሳቅ የት ይደበቃል? ዘጠነኛው ቀን ነውና በስኳርና በሮማን ፍሬ የተለወሰውን ንፍሮ ይቀምሱ የነበሩት ሴቶች ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ። አንዷ አማተበች። ሌላዋ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው፣ ምስኪን፣ ትንሽ ኮኛክ ስጧት ስትል አንሾካሾከች።

አርጊሮ ግን አላበደችም። ከሻሿ ስር፣ በአንድ ጆሮዋ፣ ኪሷ ውስጥ ካለው የባሏ ስልክ የሚመጣ ትረካ እየሰማች ነው። ያውም ምን ዓይነት ትረካ፣ የበጋ የፍቅር ልቦለድ! ሚርቶ የምትባል የከተማ ልጅ የአክስቷን ቤት ልትሸጥ ወደ አንድ ደሴት ትመጣለች። ያኮቮስ የሚባል ነገረኛ ጀልባ ነጂ በጋውን ሙሉ ሲያበሽቃት ይከርምና፣ ቤቱ ተሽጦ ልትሄድ ስትነሳ ሻንጣዋን አንስቶ ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል። ከዚያ ይጸጸትና ሊያወጣው ይጠልቃል። ብቅ ሲል የሚርቶን ኮፍያ ደፍቶ ነው። አርጊሮን ያሳቃት ይሄ ነው።

ማሪጎ ብታውቅ ጉድ ይፈላ ነበር። ገና ሬሳው ሳይወጣ ቴሌቪዥኑን በነጭ አንሶላ የሸፈነችው፣ ሬዲዮውን ከግድግዳው የነቀለችው እሷ ናት። እስከ አርባው ድረስ እዚህ ቤት ከልቅሶና ከጸሎት በቀር ድምፅ እንዳይሰማ ብላ አስጠንቅቃለች።

አርጊሮም ደንቡ ጠፍቷት አይደለም። ቅናት ነው። በስተርጅና፣ ጥቁር ለብሶ፣ በሞተ ባል መቅናት!

ባሏ ስታማቲስ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ሲያቆም፣ የማሪጎ ልጅ ያንን ትረካ ስልኩ ላይ ጫነችለት። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማን ያግኘው? ከወይኑ ሐረግ ጥላ ስር ይቀመጥና ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይሰካል። ብቻውን ይስቃል፣ ብቻውን ራሱን ይነቀንቃል። የሚስቱን ቀልድ ሰምቶ ፈገግ ለማለት የሚሰስት ሰው፣ ለዚያች ለምታነብለት ሴት ጥርሱን አይከድንም። አንድ ቀን ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ድምፅዋ እኮ የወይራ ዘይት ከማሰሮ ሲፈስ ይመስላል አለ። አርጊሮ የምትጠብሰውን ዓሣ ከእሳቱ አውርዳ ለድመቷ ሰጠችው።

“እሷ ትጥበስልህ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ እኮ መጽሐፍ ናት። ነይ፣ አንዱን ጆሮ ልስጥሽ።”

“ከውሽማህ የተረፈ ጆሮ አልፈልግም” አለችው።

የሞተ ዕለትም እንደተኳረፉ ነበሩ። እራት ቀርቧል ብላ ከወጥ ቤት ተጣራች፤ አልመለሰም። “ስታማቲስ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ!” ብላ ደገመች። ዝም። አሁንም ከሴትዮዋ ጋር ነው ብላ ደሟ ፈላ። የወጥ ቤቷን ወንበር ፈልጋ ብታጣው ቆማ በላች፤ ሳህኗንም አጠበች። ቆይታ ልትሰድበው ስትወጣ፣ አንገቱ ወደ ትከሻው ዘንበል ብሎ አገኘችው። አንዱ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ነው፤ ሌላው አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ከጆሮው ነቅላ ወደ ራሷ ጆሮ አስጠጋችው። ምንም አይሰማም። ሴትዮዋም አብራው ሞተች እንዴ ብላ አሰበች፣ እንደ ሞኝ።

ከዚያ ወዲህ ሆዷን የሚበላት አንድ ነገር ነው። ጥርስ እስኪያረግፉ አብረው ኖረው፣ ስታማቲስ በጆሮው ይዞት የሄደው የባዕድ ሴት ድምፅ ነው። ለቀስተኛው መጥቶ ነፍስ ይማር፣ ለአንቺ ዕድሜ ይስጥሽ ሲላት፣ በልቧ፣ ዕድሜውን ምን ላድርገው፣ የመጨረሻዋን ሰዓት እሷ ወስዳብኛለች ትላለች። ስለዚህ ከቀብሩ ማግስት ጀምራ፣ ይቺ ሴት ምን ቢኖራት ነው ብላ ትረካውን ከመጀመሪያው ትሰማው ያዘች። ይባስ ብሎ ጣፈጣት። ለቀስተኛ ቶሎ እንዲሄድላት መጸለይ ጀመረች። ድምፅዋ ደግሞ እውነትም ዘይት ነው፤ ይሄ ይበልጥ አንገበገባት።

ያቺ ሳቅ ካመለጠቻት በኋላ ማሪጎ ደንግጣ፣ እህቴን፣ እህቴን እያለች መጥታ አቀፈቻት። ስታቅፋት የማዳመጫው ሽቦ ከስልኩ ተነቀለ። ስልኩ አሮጌ ነው፣ ዝም ማለት አያውቅም፤ የሴትዮዋ ድምፅ ከአርጊሮ ኪስ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ያኮቮስ ውሃ በሚንጠባጠብ እጁ የሚርቶን ፊት ያዘና፣ አትሂጂብኝ አላት፤ ከንፈሩም...

ከሴቶቹ አንዲትም ትንፍሽ ያለች የለም። በመጨረሻ የተናገሩት እማማ ዛምቤታ ናቸው፤ የመንደሩ ትልቋ መበለት፣ ቄሱ ሲሰብኩ የማይሰማ ጆሮ ያላቸው።

“እስቲ ዝም በሉ” አሉ፣ ዝም ያለውን ሰው ሁሉ። “ሄደች ወይስ ቀረች?”

አርጊሮ ስልኩን መንጭቃ አወጣችና አጠፋችው። በደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ሲጠብቁ ስታይ፣ ያ ቅናት ዞሮ በእነሱ ላይ ተነሳባት።

“የእናንተ አይደለም” አለች።

“የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ፣ አርጊሮ?” አለች ማሪጎ።

“ወንድምሽ ከዚህች ሴት ጋር ነው የሞተው። እኔ እየተጣራሁ፣ እሱ እሷን እየሰማ ነው የሞተው። አሁን ደስ አለሽ?”

 ቁጣው ከማሪጎ ፊት ላይ እየጠፋ ሄደ። አጠገቧ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“የዚያን ዕለት ደውሎልኝ ነበር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ‘የመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ቀረችኝ፤ ዘጋሁት’ አለኝ። ‘መጨረሻውን ብቻዬን አልሰማውም። ወንበሯን አውጥቻለሁ፤ ዛሬ አርጊሮን አስሬም ቢሆን አሰማታለሁ’ ብሎ ሳቀ። በሐዘን ቤት የፍቅር ወሬ ማንሳት አፍሬ ነው እንጂ ልነግርሽ ነበር።”

ወንበሯን! አርጊሮ ያን ቀን ወጥ ቤት ያጣችው፣ እየረገመች ቆማ የበላችለት ወንበር ከጎኑ ነበር። ማዳመጫውም አልወደቀም፤ አስቀምጦላት ነው። ትረካውን ደግሞ አስቀድሞ ዘግቶታል። እንግዲህ ስታማቲስ በመጨረሻ የሰማው ድምፅ ካለ፣ ከወጥ ቤት የመጣው የእሷ ድምፅ ነው። ዓሣው ቀዘቀዘ የሚል ድምፅ። ጥሩ ቃል አይደለም፤ ግን የእሷ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ያልመጣላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ማሪጎም ዳግመኛ አቀፈቻት።

ሴቶቹ ስኳር የሌለውን ቡናቸውን ጨርሰው ተነሱ። እማማ ዛምቤታ በር ላይ ቆም ብለው፣ ነገ እመጣለሁ፣ የልጅቷን ነገር ትጨርሺልኛለሽ አሏት።

“እማማ፣ መጀመሪያውን እነግርዎታለሁ” አለች አርጊሮ። “መጨረሻው የእኔና የእሱ ነው።”

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወንበሯን ከወጥ ቤት አውጥታ ከወይኑ ሐረግ ስር፣ ከእሱ ወንበር ጎን አስቀመጠችው። የእሱ ወንበር ላይ የረገፉትን ቅጠሎች በእጇ ጠረገች፤ አንዱን ማዳመጫ እዚያ ላይ አኖረች። ሌላውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች።

“በይ እንግዲህ፣ አንብቢ” አለቻት ሴትዮዋን።