የእብነ በረድ ሰዎች የስም ቀን

ፔሪያንድሮስ የሙዚየም ጠባቂ ነው፤ ጠባቂ ይባል እንጂ ሌባ እንኳ መጥቶበት አያውቅም። የደሴቲቱ ሰው ከወደቡ ጀርባ ያለችውን፣ የጥንት ሐውልቶች የቆሙባትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ድንጋይ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ድንጋይ ለማየት ምን አሯሯጠው! ወሬው አቴና ደርሶ፣ ጎብኚ ከሌለ ይዘጋ፣ ሐውልቶቹም ወደዚህ ይጫኑ ተባለ። ይህንኑ አይቶ የሚወስን ተቆጣጣሪም እሁድ ይመጣል። ፔሪያንድሮስ እንቅልፍ አጣ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ማታ ማታ «ደህና እደሩ» የሚላቸው ሐውልቶቹን ብቻ ነው። እነሱን ከወሰዱበት ከማን ጋር ሊኖር ነው?

መላው የመጣለት ከገዛ ስሙ ነው። በደሴቲቱ ሰው የሚከበረው በልደቱ ሳይሆን በስሙ ቅዱስ ቀን ነው። ያን ዕለት ጥሪ የለም፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ የቀረ ግን ዓመት ሙሉ ይታማል። እንደ ፔሪያንድሮስ ቅዱስ ያልወጣለት የጥንት ስም የተሸከመ ምስኪን ደግሞ በቅዱሳን ሁሉ በዓል በጅምላ ይከበራል። በዓሉ ደግሞ የፊታችን እሁድ ነው። ታዲያ ሐውልቶቹስ? ክሊዮቩሎስ፣ ፋኖዲኮስ… አንድ እንኳ ቅዱስ ያለው የለም! ዳቦ ቤት ሄዶ፣ እሁድ የሙዚየሙ ሰዎች የስም ቀን ነው ብሎ ወሬውን ጣል አደረገ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ሁሉም አምሮበት፣ ሁሉም የኬክ ካርቶን አንጠልጥሎ። ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት የኖረውን ድንጋይ «ረጅም ዕድሜ ይስጥህ» ይሉታል። እማማ ቫሲሎ ጭንቅላት የሌለውን ክሊዮቩሎስን ጉንጩን ሊስሙ ፈልገው ጉንጭ ቢያጡ ትከሻውን ሳሙት። መቼም በስም ቀን ጋባዡ ባለስሙ ነው፤ ግማሾቹ ሐውልቶች እጅ ስለሌላቸው ኡዞ የሚሉትን አረቄ የሚያዞረው ፔሪያንድሮስ ሆነ።

ተቆጣጣሪው ከረባት ያሰረ ቀጭን ሰውዬ ነው። ሕዝቡን አይቶ ደስ ያለው መሰለ። ሙዚየሙን እንዴት አገኙት ብሎ እማማ ቫሲሎን ጠየቃቸው።

«የምን ሙዚየም? እኔ ክሊዮቩሎስን እንኳን አደረሰህ ልለው ነው የመጣሁት።»

የተቀሩትም እንደዚያው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲቀጥፉ የኖሩ ሰዎች ዛሬ እውነት አማራቸው! ፔሪያንድሮስ ትሪውን እንደያዘ ክው አለ። ተቆጣጣሪው አንድም ጎብኚ እንዳላገኘ፣ ሐውልቶቹ ነገ መርከብ ላይ እንደሚጫኑ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

እማማ ቫሲሎ ግን እንግዳ ነውና ኬክ አቀረቡለት፤ ስሙንም ጠየቁት።

«ኤፓሚኖንዳስ» አለ ቀስ ብሎ።

«ወይ ጉድ! ይህም ቅዱስ የሌለው ስም! ቀንህ ዛሬ አይደል እንዴ? ማን እንኳን አደረሰህ አለህ?»

«ማንም፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። ጉንጩ በከንፈር ቀለም እስኪቀላ ሳሙት፤ ክሊዮቩሎስ እግር ሥር አስቀመጡት። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«በል እንግዲህ» አሉት እማማ ቫሲሎ፣ «ባለስም ጋባዥ ነው። ምን ትጋብዘናለህ?»

ኪሱን ዳበሰ። «ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

«ባዶ እጅህን ብትመጣም ባዶ እጅህን ልትሄድ አይደለም። እነዚህን ልትወስድብን ነው። እነሱን ተውልን፤ ግብዣህ ይኸው ነው።»

በዚያ ደሴት በስሙ ቀን አልጋብዝም ያለ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ኤፓሚኖንዳስ ክሊዮቩሎስን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ተነስቶ ትሪውን ከፔሪያንድሮስ እጅ ተቀበለና ኡዞውን ማዞር ጀመረ።