ማይኩን የሚገፉ ሰዎች

አንተ ሰው፣ ስብሰባ ላይ አፍህን ዘግተህ ስለተቀመጥህ ብቻ «በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ተብሎ ተጽፎብህ አያውቅም? ከዚያ ወጥተህ፣ ኮሪደር ላይ የጓደኛህን ክንድ ይዘህ፣ «ይኼ ነገር ገደል ሊከተን ነው» ብለህ አላንሾካሾክህም? እንግዲያው አንዲት መምህርት የጻፈችው ስለ አንተ ነው።

መምህርቷ የፖለቲካ ሳይንስ የምታስተምር ጀማሪ ናት። የሥራ ውሏ የሚታደሰው አንድ ጥናቷ በታወቀ መጽሔት ላይ ከወጣ ነው፤ ካልወጣ ወንበሩን ለሌላ ታስረክባለች። ተማሪ ሳለች በከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ማይክ ታዞር ነበር። እጁን ላወጣ ሁሉ ማይኩን ይዛ ትሮጣለች። ሊናገሩ ከንፈራቸውን ከፈት ካደረጉ በኋላ፣ ሊቀመንበሩን አየት አድርገው ማይኩን በሁለት ጣት የሚገፉትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ለሻይ ሲወጡ ደግሞ እሳት የሚተፉት እነዚያው ናቸው።

ጥናቷ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ የምክር ቤት ዝምታ ስምምነት አይደለም፤ ክርክሩ ከበሩ ውጭ ነው ያለው። በዘርፉ የነገሠው አስተምህሮ ግን «ዝም ያለ ተስማምቷል» ይላል። ምቹ አስተምህሮ ነው! ማንንም አያስቆጣም፣ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም፤ ትውልድ ተምሮበታል፣ ተሹሞበታል፣ ጡረታ ወጥቶበታል።

መጽሔቱ አንድ ደንብ አለው። ገምጋሚው የማንን ጽሑፍ እንደሚያነብ አያውቅም፤ ጸሐፊዋም ማን እንደገመገማት አታውቅም። ስለዚህ ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ከጽሑፉ ይወጣል። መምህርቷ ደግሞ የጀመረችውን ነገር ዳር ሳታደርስ የማትተው ሰው ናት። ስሟን አወጣች፤ ምስጋናዋን አወጣች፤ እጇ ከገባበት አልመለስ ብሎ፣ ሌላም ሌላም አወጣች። ጠርጋ ጠርጋ ላከችው።

ከወራት በኋላ የመጽሔቱ አርታኢ መልስ መጣ። አንደኛው ገምጋሚ ወዶታል። ሁለተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊው የምክር ቤት ደጃፍ ረግጦ የሚያውቅ አይመስልም። ኮሪደር ላይ ተባለ የሚለውን ከማን ሰማ? ከወፍ? ዝም ያለ ተስማምቷል፤ ይህ ያለቀ ጉዳይ ነው።» አርታኢዋ «አስተካክለሽ ላኪ፤ ያለዚያ አንቀበለውም» ብላለች።

መምህርቷ ቢሮዋን የምትጋራው ከስታትስቲክስ መምህሩ ጋር ነው። ሽበት የጣለባቸው ሰው ናቸው፤ ማንኛውንም ጠብ መሀል ላይ ስለሚያካፍሉ ተማሪዎች «ጋሽ አማካይ» ይሏቸዋል። ጠረጴዛዎቻቸው ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። አልዘጋ ያለው መስኮት በታጠፈ የፈተና ወረቀት ተወትፏል።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ኪቦርዱ ምን በደለሽ?» አሏት።

«ደጃፍ አልረገጠም ይለኛል! እኔን! የዚያን አዳራሽ ምንጣፍ በእግሬ የጨረስኩትን!»

«እና ምን ልትመልሺ ነው?»

አነበበችላቸው። የሚጀምረው «አላዋቂ» በሚል ቃል ነው፤ ከሁሉ ለስላሳው ቃልም እሱ ነበር።

ጋሽ አማካይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ስድቡ ያምራል። ግን ሰውዬው ግማሽ እውነት አለው።»

«ጀመሩ ደግሞ በግማሽዎ!»

«ተቆጪ፣ ግን ቁጭ ብለሽ። እስቲ የላክሽውን አምጪው።» ገጾቹን ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። «ማይኩ የታለ?»

«የቱ ማይክ?»

«ያ ይዘሽው የምትሮጪው ነዋ! ስንት ቀን በሱ ወሬ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። እዚህ ግን አንድ መስመር የለም።»

«እንዳልታወቅ ብዬ አወጣሁት። ማይክ ያዞረ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ከኔ ሌላ ማን…»

«ስምሽን ደብቂ አሉሽ እንጂ ዓይንሽን አውጪ ማን አለሽ? በዚህ ወረቀት ውስጥ ያየም የሰማም ሰው የለም። ከማን ሰማ ብሎ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል?»

የባሰ ተናደደች። ትክክለኛ ነገር ሲነግሯት መናደድ ልማዷ ነው። በሩን በርግዳ ወጣች፤ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ተመላለሰችበት፤ ሁለተኛውን ገምጋሚ፣ ጋሽ አማካይን፣ መጨረሻ ላይ ራሷን ሰደበች። ተመልሳ ገባችና የስድቡን ደብዳቤ ሰረዘችው።

«በአዳራሹ ውስጥ ማይክ የሚያዞር ሰው ነበር፤ ይህ ጥናት ከዚያ ሰው እጅ ይጀምራል» ብላ ጻፈች። ስም የለበትም፤ ዓይን ግን አለው። «ገበያው ከቦታው ይነሳ» የሚለው ውሳኔ ሲጸድቅ ማይኩን የገፋችውን የምክር ቤት ተመራጭ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ የሻይ ብርጭቆዋን ሳታስቀምጥ ያንኑ ውሳኔ እንዴት እንደበጣጠሰችው ጻፈች። ዋናውን ነጥብ ግን ንቅንቅ አላደረገችውም።

ሁለተኛው መልስ ሲመጣ ጋሽ አማካይ ፈተና እያረሙ ነበር። መምህርቷ ድንገት በሳቅ ስትፈነዳ እስክሪብቷቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን ተገኘ?»

«ተቀብለውኛል ጋሼ! ይታተማል!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እልል አልልም፣ ድምፄ ያስፈራል።»

«ገና ይስሙ። ሁለተኛው ገምጋሚ አሁንም አልተዋጠለትም። አርታኢዋ ‹እንግዲያው ተቃውሞህን በስምህ ጻፍ፣ እሷም ትመልስልህ፣ አብረን እናትመው› ብላዋለች። ደጋግማ ብትጠይቀው ጭጭ!»

«ዝም አለ?»

«ዝም! እስቲ ይንገሩኝ፣ በእሱ ትምህርት ዝም ያለ ሰው ምን ሆኗል?»

ጋሽ አማካይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ተስማምቷላ! በሙሉ ድምፅ!»

«እኔ ግን ያንን አላምንም። የሆነ ኮሪደር ላይ እያማኝ ነው። ስለዚህ የድሮ ሥራዬን ልሥራ፤ ማይኩን ላቀብለው።»

ወንበሯን ሳበችና በጽሑፏ መዝጊያ ላይ እንዲህ ጨመረች፦

«ለሁለተኛው ገምጋሚ። በእርስዎ አስተምህሮ ከሄድን ዝምታዎ ስምምነት ነው፤ ረትቻለሁ ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ መንገድ መርታት አልፈልግም፤ የሚሉት እንዳለዎት አውቃለሁ። ማይኩ ፊትዎ ቀርቧል፤ አይግፉት። ስምዎን ይጻፉና በዚሁ መጽሔት ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይመልሱልን፦ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል?»